ዛማ ላይ እኛ በየት በኩል ነበርን?

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። እዚህ ጣሊያን የአምስተኛ ክፍል ታሪክ ከግሪኮች ተነስቶ ሮማ ላይ ያርፋል። አንድ ማታ መጽሐፏን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስለ ሮማና በዛሬዋ ቱኒዚያ ስለነበረችው ስለ ካርቴጅ ጦርነቶች ስታነብ ቆየችና ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ እኛ ከማን ጋር ነን?» አለችኝ።

መጽሐፉን ተቀብዬ ሥዕሉን አየሁት። ሮማውያኑ ፊት አላቸው፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ወድቆ ጓደኛው ይደግፈዋል። የወዲያኛው ወገን ሰዎች ግን ከዝሆኖቹ ኋላ የተበተኑ ነጠብጣቦች ናቸው። ሥዕሉ ለጥያቄዋ ቀድሞ መልስ ሰጥቷል። እኔ ቶሎ መመለስ አልፈለግሁም፤ እንደ ማንኛውም የተጨነቀ አባት ወሬ ቀየርኩ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ጦርነቱን ላሳይሽ» ብዬ መደርደሪያውን ከፈትኩ።

አጭሩን ፓስታ ለሮማውያን ሰጠሁ። ለእሁድ ካስቀመጥነው ጥሬ ቡና ደግሞ አንድ እፍኝ ዘግኜ ለካርቴጁ የጦር መሪ ለሃኒባል። የመረጥኩላት የካናይን ውጊያ ነው፤ ቦታው ደቡብ ጣሊያን፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 216። ፓስታው ብዙ ነው። ከውጊያው ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ የጻፈው ግሪካዊው ፖሊቢየስ ሮማውያኑ 80,000 እግረኛና ከ6,000 የሚበልጥ ፈረሰኛ እንደነበራቸው ይናገራል፤ ሃኒባል 40,000 እግረኛና 10,000 ፈረሰኛ ነበረው። ቡናውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ደረደርኩት፤ ሆዱ ወደ ጠላት የወጣ ጨረቃ። መካከል ላይ ጎል የተባለው ሕዝብ ወታደሮችና የስፔን ሰዎች፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሊቢያውያን፣ ከዚያ ወዲያ ፈረሰኞች።

«አሁን ግፊ» አልኳት። ፓስታውን በሁለት እጇ ገፋችው። የቡናው ሆድ ወደ ኋላ አለ፤ ጨረቃዋ ተገለበጠች። ፓስታው እያሸነፈ ገባ፣ ገባ፣ ደስ አላት። በዚህ ጊዜ እኔ ጫፍና ጫፉን በሁለት መዳፌ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ ፈረሰኛውን ደግሞ አዙሬ በስተጀርባ ዘጋሁት። ፓስታው እርስ በርሱ ተጣብቆ አንዳንዱ ከጠረጴዛው ወደቀ።

«ለምን አልሸሹም?»

«በየት በኩል?»

ዝም ብላ አየችው። ፖሊቢየስ 70,000 ያህል ሮማውያን ሞቱ ይላል፤ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ወደ 48,000 ያወርደዋል። በአንድ ቀን፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ። ከዚያ በኋላ የሃኒባል ወንድም ማጎ ከሟች መኳንንት ጣት የተሰበሰቡትን የወርቅ ቀለበቶች ካርቴጅ ወስዶ በምክር ቤቱ ደጃፍ ወለል ላይ ዘረገፋቸው ይባላል። ቁጥር ከሚነግረኝ ይልቅ ያ የቀለበት ኳኳታ ይነግረኛል። ለልጄ ግን ይህን አልነገርኳትም። ፓስታውን ለቅመን ቀቀልነው።

ልጅ ሳለሁ እኔም ከሮማ ጋር ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መቀመጫው አግዳሚ ጣውላ። ቴፑ ከመደጋገም ብዛት መስመር እየሠራ የሚንቀጠቀጥ የጥንት ዘመን ፊልም ይመጣል፤ ጡንቻቸው በዘይት ያበራ ሰዎች ዓምድ ይገፋሉ፣ ሰንሰለት ይበጥሳሉ። የትኛው ጦር የማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። ካሜራው የሚከተለውን ሰው እንከተላለን። «አክተር አይሞትም» የሚባል የማይሻር ሕግ ነበረን። ስለዚህ ቀይ ካባ የለበሰው ሲወድቅ እናዝናለን፤ ዝሆን ላይ የተቀመጠው ሲወድቅ እናጨበጭባለን። ያ ሁሉ የኮልፌ ልጅ ለሮማ እያጨበጨበ አደገ።

እነዚያ ዓምድ ገፊ ጀግኖች የት እንደተወለዱ ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አባታቸው ማቺስቴ ይባላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ በ1914 ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ለሕዝብ በቀረበው «ካቢሪያ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የጆቫኒ ፓስትሮኔ ሥራ ነው፤ በየመካከሉ የሚነበበው ጽሑፍ በገጣሚው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ ስም ወጥቷል። ታሪኩ በሮማና በካርቴጅ ጦርነት መካከል የተሰረቀች ሕፃን ታሪክ ነው። ሕፃናትን ወደ እሳት የሚወረውሩ የካርቴጅ ካህናት፣ አፉ እንደ ምድጃ የተከፈተ ግዙፍ የነሐስ ጣዖት፣ የሚያድናት ደግሞ አንድ ሮማዊና ጉልበተኛው ባሪያው ማቺስቴ። ዛሬም ሳየው ያስደነግጠኛል፤ ካሜራው በጎማ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሲገባ ለዚያ ዘመን ድንቅ ነገር ነው። በጥበብ ደረጃ ለማጣጣል አልደፍርም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። ፊልሙ የወጣው ጣሊያን ሊቢያን ከኦቶማን ቱርክ በወሰደች ማግስት ነው፤ ያ ጦርነት ከ1911 እስከ 1912 የቆየ ነበር። ሮማ የሰሜን አፍሪካን ዳርቻ «መልሳ» ስትይዝ የሚያሳይ ፊልም በዚያን ጊዜ እንዲያው በአጋጣሚ አይመረጥም። ሁለተኛው፣ አፍሪካዊው ባሪያ ማቺስቴ ባርቶሎሜዮ ፓጋኖ የሚባል የጄኖቫ ወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ቆዳውን አጥቁረው ነው ያቆሙት። ሕዝብ ሲወደው የራሱን ተከታታይ ፊልሞች ሠሩለት፤ በእነዚያ ውስጥ ቀለሙ ለቀቀ፣ ማቺስቴ ነጭ ጣሊያናዊ ሆነ። ጀግና ለመሆን መታጠብ ነበረበት ማለት ነው። በ2023 መጨረሻ ዴንዘል ዋሽንግተን ሃኒባልን ሊጫወት ነው ተብሎ ቱኒዚያ ውስጥ ቁጣ ሲነሳ ያስታወስኩት ፓጋኖን ነው። የካርቴጅ ሰዎች ከዛሬው ሊባኖስ የፈለሱ ፊንቄያውያን ዘሮች ከሊቢያውያን ጋር የተዋለዱ ናቸው፤ ስለ ሃኒባል መልክ መከራከር ይቻላል። ሰው በሃኒባል ፊት ላይ ሁልጊዜ የሚፈልገውን ይቀባል፤ የጦር ስልቱን የሚቀባ ግን የለም፣ እሱ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ፊልም ልምጣ። በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ፤ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ልጄ በጠየቀችኝ ሳምንት አንድ ንጋት ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ «ሺፒዮኔ አፍሪካዊው» የተባለውን የካርሚኔ ጋሎኔን ፊልም አየሁ። «አፍሪካዊው» የሚለው አፍሪካን ላሸነፈው ሮማዊ ጄኔራል የተሰጠ የክብር ስም እንጂ የትውልድ ስም አይደለም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ፊልሙ በፋሺስቱ መንግሥት ሙሉ ድጋፍ ተሠርቶ በ1937 ወጣ። ሠራዊቱ ወታደሮቹንና ፈረሶቹን አበደረ። ይኸው ጄኔራል፣ ሺፒዮ፣ ሃኒባልን ድል ያደረገበት የዛማ ጦርነት የተቀረጸው ከሮማ በስተደቡብ ባለው የፖንቲና ሜዳ ላይ ነው። በቬኒስ የፊልም በዓል ላይም ለምርጥ የጣሊያን ፊልም የተመደበውን ሽልማት ወሰደ፤ የሽልማቱ ስም «የሙሶሊኒ ዋንጫ» ነበር።

እንደ ፊልም አሰልቺ ነው። ሰዎች ቆመው ይናገራሉ፣ ሌሎች ቆመው ይሰማሉ፣ ክንድ ይነሳል፣ ሕዝብ ይጮኻል። ሺፒዮ የሚራመደው በረንዳ ላይ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው ደረቱን ገልብጦ ነው። ከእንቅልፌ ያነቃኝ ዛማ ነው። ዝሆኖቹ እውነተኛ ዝሆኖች ናቸው፤ አቧራውን እየቀደዱ ይመጣሉ፣ ጆሯቸው እንደ ሸራ ይወዛወዛል፣ ሮማውያኑ መስመር ከፍተው ያሳልፏቸዋል። አንዱ ዝሆን ግራ ተጋብቶ ይዞራል፤ ነጂው ከላዩ ወድቋል፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ካሜራው እዚያ ላይ ትንሽ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ያላገኘሁትን እውነት በዚያ ዝሆን ላይ አገኘሁት።

ፊልሙ የተሠራበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ካናይ ውርደት ነበር፣ ዛማ ላይ ተበቀልን፤ አድዋ ውርደት ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ተበቀልን። አገሬው ይህን ስሌት ያለ አስተማሪ ይሠራዋል ተብሎ ነው የቀረበለት፤ ሠርቶታልም። በ1939 አንድ የሲኒማ መጽሔት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ፊልሙ የጻፉትን ሰብስቦ አትሞ ነበር። ልጆቹ ሺፒዮን ከዱቼያቸው ከሙሶሊኒ ጋር፣ የጥንቱን የአፍሪካ ዘመቻ ከኢትዮጵያው ጦርነት ጋር እያስተያዩ ጽፈዋል። እነዚያ ልጆች የልጄ እኩዮች ነበሩ።

በእኛ አቆጣጠር ስመልሰው ደግሞ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ቬኒስ ላይ ዋንጫ ሲሰጥ ነሐሴ 1929 ነበር። አዲስ አበባ የካቲት 12ን ያየችው በዚያው በ1929 ነው። በአንዱ ከተማ ሰው በየቤቱ እየተቃጠለ፣ በሌላው ከተማ የፊልሙ ሥራ እየተጠናቀቀ ነበር ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ከዝሆኖቹ ኋላ የተበተንነው ነጠብጣቦች እኛ ነን። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ሆኜ ስጨበጭብ የነበረው በራሴ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቁርስ ልሠራ ተነሳሁ፤ ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ ነበረብኝ።

ሆኖም «እንግዲያው ከሃኒባል ጋር ነን» ብዬ ልነግራት አልቻልኩም። አንድ ሰው ያስቸግረኛል፤ ማሲኒሳ። የኑሚዲያ ንጉሥ ነው፤ ምድሩ በአብዛኛው የዛሬው አልጄሪያ ነው። ዛማ ላይ የሃኒባል ፈረሰኛ ተመትቶ ሸሸ፤ የማሲኒሳ ፈረሰኞች አባረሩት፤ ከዚያ ተመልሰው ሃኒባልን ከኋላው ገቡበት። ጠረጴዛዬ ላይ የሠራሁት የካናይ ዘዴ ተገልብጦ በባለቤቱ ላይ ዋለ፤ ያዋለው አፍሪካዊ ፈረሰኛ ነው። የሮማ ድል የሮማ ብቻ አልነበረም። አድዋም ላይ፣ በ1928ቱ ወረራም ከጣሊያን ጎን የተሰለፉ የኤርትራ አስካሪ ወታደሮች ነበሩ፤ በወረራው ጊዜ የሊቢያ ወታደሮችም ተጨመሩ። ጋሎኔ ዛማን የሮማና የአፍሪካ ጦርነት አድርጎ ሲሥለው የማይመቸውን ነገር በአቧራ ሸፈነው። እኔም ዛማን «የእኛ ሽንፈት» ብዬ ብጠራው ያንኑ አቧራ መልሼ ማስነሳቴ ነው። ካርቴጅ እራሷም ምስኪን አልነበረችም። ሰርዲኒያን ገዝታለች፣ የስፔንን ብር በባሪያ ጉልበት አስቆፍራለች፣ ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ ደመወዛቸውን ለጠየቁ ቅጥረኛ ወታደሮቿ የከፈለችው በደም ነው።

ቢሆንም ካርቴጅ ታስደስተኛለች፤ ምክንያቱ ደግሞ ቋንቋዋ ነው። የፊንቄ ቋንቋ ሴማዊ ነው፤ የግዕዝ ዘመድ። ካርቴጅ የሚለው የላቲኖች አጠራር ነው፤ ባለቤቶቹ ቀርት ሐደሽት ይሏት ነበር፣ «አዲስ ከተማ» ማለት ነው። ሐደሽት ከሐዲስ ጋር አንድ ሥር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ ካላለ አዲስ አበቤ አይደለም። የሃኒባል ቤተሰብ ቅጽል ባርካ ነው፤ መብረቅ። ሃኒባል ራሱ «በኣል ቸር ሆነልኝ» ማለት ነው፤ ወንድሙ ሃስድሩባል «በኣል ረዳኝ»። በኣል ኤልያስ የተዋጋው ጣዖት ነው፣ ቃሉ ግን ጌታና ባለቤት ማለት ነው፤ በየቀኑ «ባል» እና «ባለቤት» ስንል የምናነሳው ነው። አሁን በኣልን አውጡና የእግዚአብሔርን ስም አስገቡበት፤ ሃኒባል አናንያ ይሆናል፣ ሃስድሩባል አዛርያ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከገብርኤል ጋር የምናነሳቸው፣ ከእቶን እሳት የወጡት ልጆች! ሁለቱ የሮማ ጠላቶች በስማቸው ሠለስቱ ደቂቅን ሊሆኑ የቀራቸው ሚሳኤል ብቻ ነበር።

ይህን ለልጄ ስነግራት ከጦርነቱ ሁሉ በላይ የወደደችው ይህን ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ «ሃኒባል ማለት አናንያ ነው» ብላ እንደተናገረች ሰማሁ። መምህሯ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም።

ከኮሎሲየም ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና፣ በማክሴንቲየስ ባዚሊካ ግንብ ላይ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቅለዋል። ሙሶሊኒ በ1934 ያሰቀላቸው ናቸው። የሮማ ግዛት ነጭ ነው፣ የቀረው ዓለም ጥቁር። በመጀመሪያው ካርታ ሮማ አንድ ነጭ ነጥብ ናት። ሁለተኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት 146ን ያሳያል፣ ካርቴጅ የወደመችበትን ዓመት፤ በአፍሪካ ዳርቻ ላይ ጥፍር የምታክል ነጭ ትታያለች። በ1936 አምስተኛ ካርታ ተጨመረበት፤ በዚያኛው ላይ ነጩ ወርዶ ኢትዮጵያን ያካትት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያን አወረዱት። ከልጄ ጋር እሁድ እሁድ በዚያ እናልፋለን። ቱሪስቶቹ አራቱን ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ ግን ካርታዎቹ ባለቁበት ግድግዳ ላይ ዓይኔ ይቀራል።

በመስከረም መጀመሪያ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ቱኒስ ሄድኩ። ብቻዬን፣ እንዲሁ ለማየት። ከሮማ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ እነዚህ ሁለት ከተሞች ከመቶ ዓመት በላይ የተፋጁት እንዲህ ተቀራርበው ነው። ከቱኒስ ወደ ላ ማርሳ የሚሄደው አሮጌ የከተማ ባቡር ካርቴጅን ያቋርጣል። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ጎረምሶች ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። የፌርማታዎቹን ስም አንብቡ፤ ካርቴጅ ሳላምቦ፣ ካርቴጅ ቢርሳ፣ ካርቴጅ ሃኒባል። አንዲት እናት የገበያ ከረጢቷን ይዛ ሃኒባል ላይ ወረደች። ሮማ ውስጥ ያላገኘሁትን ቅልል ያለ ነገር እዚያ አገኘሁ፤ ሃኒባል እዚያ የመውረጃ ቦታ ነው።

የጦር ወደቡን ፈልጌ ነበር የሄድኩት። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አፒያን በዙሪያው 220 መርከብ የሚያስጠልል መጠለያ ነበረበት ይላል፤ መካከል ላይ ባለችው ደሴት ሆኖ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሁሉንም ያይ ነበር። ዛሬ ክብ ኩሬ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ ቪላዎች፣ ዳሩ ላይ ሣር። አንድ ሽማግሌ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ውሃው አይንቀሳቀስም። ባልዲያቸውን አየሁ፤ ጣት የሚያህሉ ሦስት ዓሣዎች። ለካ ያ ሁሉ የሮማ ፍርሃት እዚህች ኩሬ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከቢርሳ ኮረብታ ላይ ካርቴጃውያን የኖሩባቸው ቤቶች መሠረት ይታያል። ያዳናቸው የሮማውያን አፈር ነው፤ በኋላ የራሳቸውን ከተማ ሊሠሩ ኮረብታውን ሲደለድሉ ቀበሯቸው፣ እንዲህም አቆዩልን። ሮማውያን ምድሪቱ እንዳታበቅል ጨው ዘሩባት የሚባለው ግን ከጥንት ጸሐፊዎች በአንዱም አፍ የለም፤ በኋላ ዘመን የተጨመረ ወሬ ነው። ፖሊቢየስ የጻፈው ሌላ ነው። ከተማዋ ስትነድ ከሮማው አዛዥ፣ ከሌላው ሺፒዮ፣ ከሺፒዮ ኤሚሊያኑስ ጎን ቆሞ ነበር፤ አዛዡ አለቀሰ፣ የትሮይን መጥፋት የሚያነሳ የሆሜር ስንኝ ጠቀሰ፣ አንድ ቀን የራሱም አገር እንዲሁ እንዳትሆን እንደሚፈራ ተናገረ። ከ2,130 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የሮማና የካርቴጅ ከንቲባዎች ተገናኝተው የሰላም ስምምነት ፈረሙ። የመንግሥት ጉዳይ ይዘገያል ቢባልም ይህ ትንሽ በዛ።

ስመለስ በለስ ገዛሁ። የእኛን እሾሃማ ቁልቋል በለስ ማለቴ አይደለም፣ እሱም እዚያ በሽ ነው፤ ጥቁር ሐምራዊውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን። ካቶ የሚባለው ሽማግሌ ሮማዊ «ካርቴጅ መጥፋት አለባት» እያለ ምክር ቤቱን ሲያሰለች አንድ ቀን ከልብሱ ውስጥ ትኩስ በለስ አውጥቶ፣ ይህ ያደገበት ምድር ከዚህ የሦስት ቀን የባሕር ጉዞ ነው ብሏቸዋል። የፈራው ጦሩን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ጭምር ነበር። ታሪኩን ለልጄ ነግሬያት ስለነበር በለሱን ላሳያት ፈለግሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተቆጣጣሪው ከረጢቱን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከአውሮፓ ውጪ የመጣ ትኩስ ፍሬ አይገባም። ትሑት ሰው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆኛል። የካቶን ታሪክ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «አንድ ልብላ?» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ፈቀደልኝ። አንዱን ቆሜ በላሁ፤ የቀረው ቢጫ በርሜል ውስጥ ገባ።

ልጄ ከእናቷ ጋር መውጫው ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን አመጣህልኝ?» አለችና እጄን ያዘች። መዳፌ በበለሱ ወተት ተጣብቆ ነበር። ለቀቀችው፣ መልሳ አነሳችው፣ አሸተተችው።